ላይኛውና ታችኛው ፖምፓ

ሰው ብርቱ ነገር ሲያይ ያደንቃል፤ ብርቱውን ነገር የሚያሠራውን ትንሽ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። አንድ መኪና ጭነቱን ይዞ ዳገት ሲወጣ በመንገድ ዳር የቆመ ሁሉ የሞተሩን ጕልበት ያወራል፤ የነጂውንም ችሎታ ያወራል። በነጂው እግርና በካምቢዮው መካከል ግን ከአንድ ሳንቲም የማትሰፋ የጎማ ቀለበት እንዳለች፣ እርስዋም ያረጀች እንደ ሆነ ሞተሩ ሙሉ ጤና እያለው መኪናው ማርሽ አልገባ ብሎት ከደጅ እንደሚቀር የሚያስብ ጥቂት ነው። የቤትም፣ የጓደኝነትም፣ የአገርም ነገር እንደዚሁ ነው። ትልቁ የሚቆመው በማትታይ ትንሽ ነገር ነው፤ እርስዋም ከሰው ወደ ሰው የምትተላለፈው እውነተኛ ቃል ናት።

እናንተ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ ስለ እውነት ብዙ ምክር ሰምታችኋል። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ በመምህርነት ስኖር ብዙ መክሬአለሁ፤ ምክርም ሲደጋገም ጆሮን እንደሚያደነዝዝ ዐውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ወደ ኋላ አቆይቼ፣ በ2015 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ በግቢዬ ውስጥ የተሠራውን አንድ የእጅ ሥራ አጫውታችኋለሁ። ሥራው የአንድ አሮጌ መኪና ፍሪሲዮን ሁለቱን ፖምፓዎች መለወጥ ነበር።

በመጀመሪያ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ጎማዎች ግን አንዳንድ ጊዜ መቆም፣ አንዳንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንዳንድ ጊዜ በፍጥነት መዞር አለባቸው። ስለዚህ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሁለቱን የሚያገናኝና የሚለያይ ነገር ያስፈልጋል። ይኸውም ፍሪሲዮን ነው። ነጂው በግራ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ፤ በዚያን ጊዜ ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባል። እግሩን ሲያነሣ ደግሞ ተያይዘው አብረው ይዞራሉ።

የእግሩን ጕልበት እስከ ፍሪሲዮኑ ድረስ የሚያደርሰው በአንዳንድ መኪና የብረት ገመድ ነው፤ በሌላው ግን ዘይት ነው። በዘይት በሚሠራው ከፔዳሉ አጠገብ ላይኛው ፖምፓ፣ ከካምቢዮው አጠገብ ታችኛው ፖምፓ አለ፤ በሁለቱም መካከል ቀጭን ቧንቧ ተዘርግቷል። ላይኛው ሲገፋ ዘይቱ በቧንቧው ወርዶ ታችኛውን ይገፋል፤ ታችኛውም ፍሪሲዮኑን ይለያያል። በየፖምፓው ውስጥ በሲሊንደር የሚመላለስ ፒስተን አለ፤ በፒስተኑም ላይ ዘይቱ ሾልኮ እንዳይወጣ የምትዘጋ ጎሚኒ አለች። ከላይ ከአንድ ሳንቲም አትሰፋም ያልኋት እርስዋ ናት።

የዚህን ሁሉ ሕግ የገለጠው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። እርሱ በ1623 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1662 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ስለ ፈሳሾች የጻፈው መጽሐፍም በሞተ በዓመቱ ታተመ። ፓስካል ያስተማረው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ሳይቀነስ ይተላለፋል ብሎ ነው። ታችኛው ፒስተን በስፋቱ የላይኛውን እጥፍ ቢሆን የሚያገኘውም ጕልበት እጥፍ ይሆናል፤ የሚሄደው መንገድ ግን በግማሽ ያንሳል። ተፈጥሮ በአንድ እጅ የሰጠችንን በሌላው እጅ ትቀበለናለች።

ነገር ግን ለዚህ ሕግ አንድ ግዴታ አለበት፤ በቧንቧው ውስጥ አየር መኖር የለበትም። ፈሳሽ ሲጫኑት እምብዛም አይጨመቅም፤ የተቀበለውን ግፊት ለወዳጁ ያደርሳል። አየር ግን ሲጫኑት እሺ ብሎ ይኰማተራል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይነፋል፤ ወደ ታች ያደረሰው ነገር ግን የለም። ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ ነጂውም የረገጠ ይመስለዋል፤ ከታች ግን ማንም አልሰማውም። አየር በራሱ ክፉ አይደለም፤ እርሱን እየተነፈስን እንኖራለን። ጉዳት የሚያመጣው ያለ ቦታው ሲገባ ነው።

አሁን ወደ መኪናዬ ልመለስ። ከሟቹ ታላቅ ወንድሜ የወረስሁት ላንድ ሮቨር ነው፤ ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ከሦስተኛው ዓይነት አንዱ ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ማርሹ ሲገባ መጮኽ ጀመረ። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የረገጠ ሰው ያስገባዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለረገጠ ግን አልታዘዝም ይላል። ኮፈኑን ከፍቼ ባይ የፍሪሲዮኑ ዘይት ጎድሏል፤ ከመኪናው በታችም በድንጋዩ ላይ እርጥበት አለ። አንድ መካኒክ አየና ላይኛውን ብቻ ለውጠው፣ ታችኛው ገና ይሠራል አለኝ። እኔ ግን ሁለቱንም ለመለወጥ ቈረጥሁ። ሁለቱ በአንድ ዘይት፣ በአንድ ቧንቧ፣ እኩል ዓመት የሠሩ ናቸው። ላይኛው አዲስ ሆኖ ሙሉ ጕልበቱን ሲልክ፣ በደካማ ግፊት ሲታገሥ የኖረው አሮጌው ታችኛው ብዙ ጊዜ አይችለውም፤ ዛሬ የዳነው መኪና ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሌላው ጫፍ ያፈሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ ሁለቱንም፣ ከታሸገ የፍሬን ዘይት ጋር ገዛሁ።

ሥራውን በቤቴ ለመሥራት የደፈርሁት ከልጅነቴ በተማርሁት ነው። ያሳደገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጧት መጽሐፍ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእጅ ሥራ ያስተምር ነበር። ከሥራ ቤት ስንወጣ የተቀበልነውን መዶሻና ቁልፍ ቈጥረን ሳናስረክብ እራት አንበላም። ያን ጊዜ መረረን፤ ዛሬ ግን ብሎን ስፈታ ወደየት እንዳስቀመጥሁት ስለማውቅ መምህሮቼን አመሰግናቸዋለሁ።

ለዚህ ሥራ ግን አንድ ሰው አይበቃም። አየሩን ለማስወጣት አንዱ ከላይ መርገጥ፣ አንዱ ከታች መክፈትና መዝጋት አለበት። ስለዚህ የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ልጁ በዚያ ወራት ከቤት አይወጣም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተገለጠው በዚያው ጥር ወር ነው፤ ፈተናው መኰራረጅን ለመከልከል ሲባል በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠው ነው። ከተፈተኑት ሁሉ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጎረቤቴ ልጅ ከእነርሱ አንዱ አልነበረም። የሰፈሩ ልጆች ብዙዎች እንደ እርሱ ወድቀዋል፤ ነገር ግን ለአባቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አንድ ወገን፣ የርሱ ልጅ አንድ ወገን ሆኖበት አባትና ልጅ ከአንድ ገበታ እየበሉ መነጋገር ትተው ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሥራ ጀመርን። መኪናውን በሜዳ ላይ አቆምሁ፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አደረግን፤ የባትሪውንም ገመድ ፈታን። ላንድ ሮቨር ከመሬት ከፍ ያለ ስለ ሆነ በክሪክ ማንሣት አላስፈለገንም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና በታች ከቶ ሰው መግባት የለበትም። የቧንቧውን ዳዶ ዝገቱ እንዲለቅ ማታውኑ ዘይት አጠጥቼው አድሬ ነበር። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና በመኪናው አካል ላይ አሮጌ ጨርቅ አነጠፍን፤ ፈንጥቆ ቢነካው ወዲያው ለማጠብ ባልዲ ውኃ አቀረብን።

በዚህ ሥራ መካከል ልጁ ስለ ቃላቱ ጠየቀኝ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኮፈን፣ እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ አለኝ። ከጣሊያን ቋንቋ መሆናቸውን ነገርሁት። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ቆይቶ ወጣ፤ የጋራዡ ቃል ግን ቀረ። አባቶቻችን ጠላትን አልተቀበሉትም፤ የሚጠቅም ዕውቀት ግን የማንም ቢሆን አልጣሉም። ይህን ስነግረው ፈገግ አለ። ወር ሙሉ ያላየሁትን ፈገግታ ያን ጊዜ አየሁት።

ታችኛውን ፖምፓ የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትተን አወጣነው። ጎሚኒው ጠርዙ ተበልቶ፣ ሲሊንደሩም ውስጡ ዝጎ አገኘነው። ምክንያቱ ውኃ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ብዙ ዓመት ሳይለወጥ የኖረ ዘይት ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። እርጥበቱም የመፍያውን ሙቀት ይቀንሳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቈይ ይሠራል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ወሰን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ከተከፈተ ብዙ ጊዜ የቈየውን ዘይት አንጨምርም፤ የሞተር ዘይትማ ጎሚኒውን አሳብጦ ያጠፋዋልና ከቶ አይገባም። ላይኛው ፖምፓ በዚህ መኪና ከፔዳሉ ጋር በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ስለ ሆነ ሣጥኑን ፈትተን በሙሉ አወጣነው፤ አዲሱንም አግብተን መልሰን አሰርነው። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሳለ በገፊው ዘንግና በፒስተኑ መካከል ጥቂት ክፍተት ተውን። ፒስተን ወደ ማረፊያው እስከ መጨረሻ ካልተመለሰ ከመጠራቀሚያው አዲስ ዘይት አይቀበልምና።

ከዚህ በኋላ አየር የማስወጣቱ ሥራ መጣ። በታችኛው ፖምፓ ላይ አየር የሚወጣበት ትንሽ ብሎን አለ። በእርሱ ላይ የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ ሰክቼ፣ የቱቦውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አሰጠምሁት። ከዚያም ከመኪናው በታች ተኛሁ፤ ልጁም በነጂው ወንበር ተቀመጠ። እርሱ የእኔን እጅ አያይም፤ እኔም የእርሱን እግር አላይም። በመካከላችን ያለው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ቃላችንን ወሰንን። እኔ «ርገጥ» ስል እርሱ ይረግጣል፤ እስከ ወለል አድርሶ «ይዤአለሁ» ይላል። በዚያን ጊዜ ብሎኑን እከፍታለሁ፤ አየርና ዘይት ይወጣል፤ እዘጋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» እላለሁ። ብሎኑ ክፍት ሳለ እግሩን ቢያነሣ ፖምፓው አየርን በብሎኑ ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ መልሶ ሊስበው ይችላል፤ የተደከመበትም ከንቱ ይሆናል።

«ርገጥ»፣ «ይዤአለሁ»፣ «ልቀቅ» እያልን፣ በየመካከሉም መጠራቀሚያው እንዳይጎድል እየሞላን ሠራን። በመጀመሪያ አየሩ እንደ ጠላ አረፋ ወጣ፤ ቀጥሎ እንደ ባቄላ፣ ቀጥሎ እንደ ምስር ሆነ። በመጨረሻም ዐሥር ጊዜ ያህል ንጹሕ ዘይት ብቻ ወጣ። የመጨረሻውን ከፍቼ ዘይት ከዐይኔ እንዳይገባ ፊቴን ዞር አድርጌ ዘጋሁ፤ «አለቀ፣ ልጄ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁ።

ከላይ መልስ አልመጣም። ጥቂት ቈይቶ ልጁ፣ «ጋሼ፣ አላለቀም» አለኝ። «ምነው?» ብለው፣ «እርስዎ ሳይዘጉ እግሬ ዘይት ነክቶት ነበርና ከፔዳሉ ላይ አዳልጦኝ ለቀቀ። ይዤአለሁ ካልሁ በኋላ ነው» አለኝ።

አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ነገር ቆም ብለህ ተመልከተው። ቀኑ መሽቷል፣ ብርዱ ገብቷል፣ ሥራው አልቋል ተብሏል፣ ምስጋናውም ተሰጥቷል። ዝም ቢል ያየው ማንም አልነበረም። በማግሥቱ እኔ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና ቍልቍለቱን ልወርድ ቀጠሮ ነበረኝ። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በእንዲያ ያለ ቍልቍለት ነጂ መኪናውን በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ካልወረደ ፍሬኑ ብቻውን አይችለውም፤ ግሎ ይደክማል። ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ካለ ደግሞ ማርሹ አይለወጥም። ዝም ቢል ኖሮ ያች ዝምታ ከእኔ ጋር ወደ ገደሉ አፍ ትሄድ ነበር።

እንደ ገና ጀመርን። በሁለተኛው ርግጫ ምስር የሚያህሉ ሁለት የአየር አረፋዎች ወጡ። ልጁ የተናገረው እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ጠርቶ እስኪወጣ ሠራን፤ ሞተሩንም አስነሥቼ ማርሽ ባስገባው ያለ ድምፅ ገባ።

የማርሹን መሞከር ሰምቶ የልጁ አባት ከበሩ ብቅ አለ። እርሱም በልጅነቱ ያስተማርሁት ነው። ልጁ ዕቃውን ሊያጥብ ወደ ጓሮ ሲሄድ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። አባትየው መሬት መሬት እያየ፣ «መምህር፣ ለእርስዎ በደቂቃ የተናገረ ልጅ ለእኔ ነጥቡን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። ውጤቱ ገና ነው እያለ ሲሸሸኝ ነው የሰነበተው። የርስዎን ያህል አልከበርሁም ማለት ነው» አለኝ።

እኔም እንዲህ አልሁት። «ልጁ ለእኔ ሲናገር ምን እንደምመልስለት ያውቅ ነበር፤ እንደ ገና እንሠራለን እንጂ ሌላ አልለውም። ለአንተ ሲናገር ግን ምን ይመጣብኛል ብሎ ያስብ እንደ ነበር አንተ ታውቃለህ። ይህ መኪና ላይኛው ብቻ ቢለወጥለት አይድንም ነበር። የሚልከው አዲስ ሆኖ የሚቀበለው አሮጌ ከሆነ ነገሩ ከታች ያፈሳል። ልጅህ እውነት እንዲናገር ትፈልጋለህ፤ መልካም ነው። እንግዲያውስ አንተም እውነት የሚነገርህ ሰው ሁን።»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፣ «መምህር፣ በዚህ ዕድሜዬ ዛሬም ይቀጡኛል» ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ለመስማትም አልፈለግሁም። የባልዲ ድምፅ ግን ለብዙ ጊዜ ቈመ፤ ሁለቱም ዕቃውን ተካፍለው ይዘው ተመለሱ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ያቈየሁት ምክር ይህ ነው። «ይዤአለሁ» ብላችሁ ቃል ከሰጣችሁ በኋላ እግራችሁ ቢያዳልጥ፣ ማዳለጡ ነውር አይደለም፤ የሰው እግር ያዳልጣል። ነገር ግን ከታች የተኛው ሰው እናንተን አምኖ ብሎኑን ከፍቷልና ወዲያው ንገሩት። ያልተነገረች መዳለጥ በቧንቧ ውስጥ እንደ ገባች አየር ናት፤ በሜዳ ላይ ሳላችሁ አትታወቅም፣ በቍልቍለት ላይ ግን ትገለጣለች። ለሁሉ እሺ የሚል፣ ሲጫኑት የሚኰማተር፣ ሲለቁት የሚነፋ ሰው አትሁኑ። የተቀበላችሁትን ሳትቀንሱ አድርሱ።

ሁለተኛውንም ወገን አትርሱ። እናንተም ነገ አባትና እናት፣ መምህር፣ አለቃ ትሆናላችሁ። በዚያን ጊዜ በታችኛው ቦታ ትቀመጣላችሁ፤ እውነቱ ወደ እናንተ ይመጣል። የመጣውን ክፉ ወሬ በጩኸት የሚቀበል ሰው ዳግመኛ ክፉ ወሬ አይመጣለትም፤ የሚመጣለት ውሸት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው እውነት ሲነግራችሁ መጀመሪያ አመስግኑት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጥፋቱ ትነጋገራላችሁ። እውነተኛ ቃል የምትጸናው ተናጋሪውና ሰሚው አብረው ሲታደሱ ነው።

ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ፈተናውን በግሉ ደግሞ ወሰደ። ያገኘውንም ነጥብ ውጤቱ በተገለጠበት በዚያው ቀን፣ ለምሳ በተቀመጡበት፣ ለአባቱ በራሱ አፍ ነገረው። ነጥቡ ስንት እንደ ሆነ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።